ቀብር ከዐስር ሶላት በኋላ

ኢንስፔክተር አቢጌል ሬሳውን ከማየቷ በፊት ጥሪውን ሰማች። ጉም ደሴን ውጧታል፤ ዳገቱን ስትወጣ የገዛ ጫማዋ እንኳ አልታይ ብሏታል። ከላይ ከሰፈሩ ድምፅ መጣ፤ የሚጣራው ሰው ግን አይታይም።

«ሐጅ ባሽር ወደ አኼራ ሄደዋል! የዛሬው ስብሰባ ቀርቷል! ቀብር ከዐስር ሶላት በኋላ ነው! ያልሰማህ ስማ!»

ቅሬ፣ የሰፈሩ የቀብር ዕድር፣ ሲጣራ ሁልጊዜ ልጅነቷ ትዝ ይላታል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ሞቱ፤ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ተብሎ የመንደሩ ቅሬ አልቀብርም አለ። ቦሩ ሜዳ ላይ ጉድጓዱን የቆፈሩት አራት ሰዎች ናቸው። ለአባቷ ማንም አልተጣራም። የዚያ ዶማ ድምፅ ዛሬም ከእንቅልፏ ያባንናታል።

ሐጅ ባሽር ከመስጊዱ ወደ ቤታቸው በሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ በአፍጢማቸው ተደፍተዋል። ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሲመለሱ በጉሙ አዳልጧቸው ነው ይላል ሰፈሩ ሁሉ። ልጃቸው ኢንቲሳር ብቻ አላመነችም፤ ፖሊስ የጠራችውም እሷ ናት።

«ወላሂ፣ አባቴ ይሄን ደረጃ ሃምሳ ዓመት ወርዶታል። እንዴት ዛሬን መርጦ ያዳልጠዋል?»

ዛሬ በስምንት ሰዓት የሰፈሩ ስብሰባ ነበር። ደሳለው የሚባል ባለሀብት ከመስጊዱ ጀርባ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ፈልጎ፣ ሰፈሩ በከተማው ፕላን ከመኖሪያነት ወደ ንግድ እንዲለወጥ አመልክቷል። ነዋሪው በፊርማው ይስማማ ተባለ። ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የሚቀብረው የሰፈሩ ቅሬ ደግሞ በበኩሉ ወሰነ፦ የፈረመ ከቅሬ ይወጣል፤ ከቤቱ ሰው ቢሞት ማንም አይቆምለትም። ሁለት ሰዎች በድብቅ ፈርመው ነበር። የቅሬው ዳኛ ሐጅ ባሽር ስማቸውን ደርሰውበት ዛሬ በጉባኤ ሊያነቡት ነበር።

አቢጌል ተንበርክካ ደም የጠጣውን ኮፊያ በቀስታ አነሳች። ግንባራቸው ተላልጧል፤ አጥንቱ የተሰበረው ግን ከኋላ፣ ከማጅራታቸው በላይ ነው። በአፍጢሙ የወደቀ ሰው ከኋላ አይፈነከትም። ጣቷ በኮፊያው ገበር ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት አገኘ። አነበበችውና ለማንም ሳትናገር ያዘችው።

ሬሳው ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ደሳለውና የሐጅ የወንድም ልጅ ፉርቃን በአንድ መኪና ከኮምቦልቻ ደረሱ።

«ሰው በእኔ እንደሚያሳብብ አውቃለሁ፤» አለ ደሳለው። «ግን ፊርማ ለማሰባሰብ የተሰጠኝ ቀን ዛሬ ያበቃል። ሐዘን የተቀመጠ ሰፈር ይፈርምልኛል? በሞታቸው የተጎዳሁት እኔ ነኝ።»

«ንጋት ላይ የት ነበሩ?»

«ደረቅ ወደብ፣ ከፉርቃን ጋር ብረት ሳስጭን።»

ፉርቃን ዓይኑ ቀልቷል። «አንደኛው የፈረመ እኔ ነኝ፤ ለአጎቴም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። እዚህ ያለኝ የአባቴ ቤት ነው እንጂ ኑሮዬም ቅሬዬም ኮምቦልቻ ነው። ስሜ ቢነበብ ምን እሆናለሁ?»

አቢጌል ወደብ ደወለች። ሁለቱም ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚያው እንደነበሩ ጥበቃው አረጋገጠላት። ከዚያ ጠሪውን አራጋውን ፈለገችው።

«የቀብሩን ሰዓት ማን ነገረዎት?»

«ጋሼ ደምመላሽ፣ የቅሬው ጸሐፊ። ሐጅ ገና ከወደቁበት ሳይነሱ ‹ከዐስር በኋላ በል› አሉኝ። ሠላሳ ዓመት እሳቸው ባሉኝ ሰዓት ነው የምጣራው፤ አንድ ቀን ስተው አያውቁም።»

«ያኔ ፖሊስ ተጠርቶ ነበር?»

«ኧረ የለም! ኢንቲሳር የደወለችው እኔ አንድ ዙር ከጨረስኩ በኋላ ነው።»

የደምመላሽ ቤት ከቅሬው ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ወደ ደጅ ለመውጣት ሰባት ደረጃ አለው፤ ዘጠና ዓመት ያለፋቸውን እናታቸውን ፀሐይ ለማሞቅ በየቀኑ አዝለው ነው የሚያወርዷቸው። አቢጌል ስትገባ አሮጊቷ ከአልጋቸው ላይ ጆሯቸውን አቁመው ነበር።

«ልጄ፣ የማን ጥሪ ነው?»

«የሐጅ ነው፣ እማዬ።»

«ለእኔም እንዲህ ይጣራል?»

ደምመላሽ ፊታቸውን አዞሩ። አቢጌል ምንም ሳትጠይቅ ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ቅሬው ቤት ሰበሰበቻቸው። ዶማና አካፋው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ሐኪሙ ደውሎልኛል፤ ሐጅን ከኋላ በድንጋይ የመታቸው ሰው አለ፤» አለች። «ሙስሊም ንጋት ላይ ከሞተ ቀብሩ እኩለ ቀን፣ ዙሁር ላይ ነው። ከሩቅ የሚጠበቅ ዘመድ የላቸውም፤ ፉርቃን እንኳ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነው ያለው። ታዲያ ለምን ከሰዓት በኋላ፣ ለዐስር ሆነ?»

«ስብሰባው ስለነበረ…» አሉ ደምመላሽ።

«ስብሰባው መቅረቱን በዚያው ጥሪ አስነግረዋል፣ ጋሼ። ዐስር ያለው ሰው ሬሳው ሆስፒታል ደርሶ እስኪመለስ ምን ያህል እንደሚቆይ አስልቷል። በዚያ ሰዓት ግን ሰፈሩ ሁሉ ‹አዳልጧቸው ነው› ይል ነበር። መመታታቸውን የሚያውቀው የመታቸው ሰው ብቻ ነው። ዙሁር ቢሉ ኖሮ ማን ይጠረጥርዎት ነበር?»

ደምመላሽ ዶማና አካፋውን አዩ።

«ሰው ጉድጓድ ዳር በከንቱ ቆሞ እንዳይጠብቅ ብዬ ነው፤» አሉ። «ቀባሪ አጉላልቼ አላውቅም። ደሳለው ከሕንፃው ምድር ቤት ደረጃ የሌለው ክፍል እሰጥሃለሁ ስላለኝ ለእማዬ ብዬ ፈረምኩ። ሐጅ ትናንት ‹ፊርማህን አይቻለሁ› አሉኝ። ዛሬ ደረጃው ላይ ለመንኳቸው። ‹ስብሰባው ላይ ትሰማለህ› ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። እናቴን ማን ይቀብራታል? ድንጋዩን ሳነሳ ይሄን ብቻ ነው ያሰብኩት!»

አቢጌል የእኚህን ሰው ፍርሃት ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ስለምታውቀውም ወረቀቱን መዘርጋት ከበዳት።

«ሊያነቡት የነበረው ይሄን ነው። የመጀመሪያው ስም ፉርቃን። ሁለተኛው የእርስዎ ነው፤ ግን ተሰርዟል። ከጎኑ በእጃቸው ጽፈዋል፦ ‹እናቱ በወግ እስክትቀበር አይነበብም።›»

ደምመላሽ ወረቀቱን ወስደው የተሰረዘውን ስማቸውን በጣታቸው ነኩት። ፖሊሶቹ ደግፈው ሲያወጧቸው የዐስር አዛን ተሰማ፤ ሬሳውም እሳቸው ባሰሉት ሰዓት፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ ደረሰ። አራጋው የመጨረሻውን ጥሪ ለማሰማት ወደ ጉሙ ገባ።

ድምፁ ሲነሳ ከግድግዳው ወዲያ አሮጊቷ ተጣሩ። «ልጄ፣ የማን ጥሪ ነው? ልጄ?»

ኢንቲሳር ነጠላዋን አስተካክላ ሰባቱን ደረጃ ወጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የአባቴ ነው፣ እማማ፤» አለቻቸው። «ለእርስዎም እንዲሁ ይጣራል።»