ሁሉም ቤቱ ገባ?

የአሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ቤቱ አልነበረም።

ብሎን የሚሏት ልጅ ሳጥኑ ላይ እንዳጎነበሰች ቀረች። ቅዳሜ ጠዋት የአባቷን የመካኒክ ዕቃዎች ዘይት በነካ ጨርቅ መወልወል የቆየ ልማድ ነው። ድሮ የእሱ ነበር፤ እሱ ከሞተ ከዘጠኝ ወር ወዲህ ደግሞ የእሷ ሆኗል። በሳጥኑ ውስጥ የእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ በመቀመጫው ላይ በቀይ ቀለም ተስሏል። አባቷ ያንን ቅርጽ «ቤት» ነበር የሚለው። ካቻቪቴው ቤት አለው፣ ፒንሳው ቤት አለው፣ ቁልፎቹም ከትንሹ እስከ ትልቁ በሰልፍ ቤት አላቸው። አሁን ከሰልፉ መካከል አንድ ባዶ ቀይ ቅርጽ አፍጥጦ ያያታል።

የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ዘረገፈች። የስፖርት ቱታዋን ኪሶች ገለበጠች፤ ተቀዶ ይሆን ብላ ገበሩን እስከ ጠርዙ ዳበሰች። የለም። አልጋዋ ሥር ገብታ ስትወጣ ያገኘችው ከሁለት ወር በፊት የጠፋ ካልሲ ብቻ ነው።

«ምን ጠፍቶሽ ነው ቤቱን የምታተራምሺው?» አለች እናቷ ከማዕድ ቤት።

«ምንም፣ እማ።»

ይህ ውሸት ነበር፤ ከትናንት ወዲህ ደግሞ ሁለተኛው።

የመጀመሪያው የተነገረው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። የትምህርት ቤቱ ሚኒባስ ሲነሳ መጮህ ጀመረ። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ላልቷል። ጋራዡ ተዘግቷል፤ ሚኒባሱ ግን በማግስቱ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድኑን ለፍጻሜ ጨዋታ ሌላ ከተማ ማድረስ አለበት። ማጥበቂያው ያለበት ጥግ ጠባብ ስለሆነ የሾፌሩ ወፍራም እጅ አይገባበትም። ደንቡ ተማሪ መኪናውን እንዳይነካ ይከለክላል። ሾፌሩ ግን የአባቷ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነው፤ የልጅቷን እጅ ያውቃል። ግራ ቀኙን ቃኘና «እስቲ ሳጥኑን ይዘሽ ነይ፣ የኪሴ ልጅ» አላት፣ በአባቷ ቅጽል ስም እየጠራ። ቤቷ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ስለሆነ በአሥር ደቂቃ ደርሳ ተመለሰች።

ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ አጠበቀችው። ሞተሩ ሲነሳ ጩኸቱ የለም። ልክ በዚያን ጊዜ ካፒቴኗ ከሜዳው ማዶ ተጣራች፤ ቡድኑ ፎቶ ሊነሳ ነው፣ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ብሎን ተጠባባቂ ናት። ዓመቱን ሙሉ ሜዳ የገባችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ተጠባባቂ ጠብቆ ፎቶ የሚነሳ ቡድን ደግሞ በየቀኑ አይገኝም። ዕቃዎቹን አፍሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችና ክዳኑን ከደነች።

ሾፌሩ ከአባቷ የለመዳትን ጥያቄ ጠየቃት። «ሁሉም ቤቱ ገባ?»

«ገብቷል» አለች፣ ሳታይ፣ እየሮጠች።

አባቷ ቢሰማ ኖሮ ያዝን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። ያበር የነበረው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ መሬት ላይ ሆኖ ይጠግናል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ ጎማ ይፈትሻል። ብሎን ልጅ ሳለች ይህ ነገር ቅር ይላት ነበር፤ ለጓደኞቿ «ፓይለት ነበር» ብላ መናገር ያምራት ነበር። እሱ ግን በሥራው የሚያፍር ሰው አልነበረም። ደንቡን ደጋግሞ ነግሯታል፦ ሥራ ሲያልቅ ዕቃ ይቆጠራል፤ አንዲት ካቻቪቴ ብትጎድል አውሮፕላኑ አይነሳም። ጦርነቱ ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላም እቤት ምድጃ ሲጠግን ዕቃው ሁሉ ቤቱ ሳይገባ ሻይ ማፍላት ክልክል ነበር። እናቷ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች «ኧረ ይሄ ምድጃ የት ሊበር ነው?» ስትለው ይስቃል እንጂ ፍንክች አይልም። በጣቷ እየነካች የምትቆጥረው፣ ቆጥራም «ገብቷል» የምትለው ብሎን ነበረች። ስሙንም ያወጣላት እሱ ነው። ትንሽ ናት፣ ግን አንዴ ከገባች አትወጣም ይል ነበር።

እሱም ቢሆን ቅጽል ስም ነበረው። በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ፓይለቱ ገብቶ ተቀምጦ ሞተሩ ሊነሳ ሲል፣ አንድ ካቻቪቴ ጎደለበት። ሁለት እጁን አጣምሮ ከራሱ በላይ አነሳ፤ በእነሱ ምልክት «ቁም» ማለት ነው። አዛዡ እየጮኸ ሮጦ መጣ። አራት ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ የአውሮፕላኑን ወለል ሲፈታ ቆየ። በመጨረሻ ካቻቪቴዋ የተገኘችው በራሱ በአባቷ ቱታ ውስጥ ነው፤ በተቀደደ ኪስ ሾልካ ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ገበሩ ውስጥ ተኝታለች። አንድ ወር የመንደርደሪያውን ጠጠር እንዲለቅም ተቀጣ። ከዚያ ወዲህ ባልደረቦቹ «ኪሴ» ይሉት ጀመር፤ በዚያው ቀረ።

ይህን እሱ ራሱ እየሳቀ ነበር የሚያወራው። የቀረውን ብሎን የሰማችው ከሞተ በኋላ ነው። ሊያጽናኗቸው የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የድሮ ባልደረባው፣ «ኪሴ» እያሉ ሲስቁ ቆይተው አለቀሱ። ያ ፓይለት ከዚያን ቀን በኋላ ኪሴ ያልቆጠረው አውሮፕላን ላይ አልወጣም ብሎ እንደነበር የነገሯት እሳቸው ናቸው። አባቷ ይህን አንድም ቀን አልነገራት።

አንድ ጊዜ «አላፈርክም?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«አፍሬያለሁ እንጂ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር» አላት። «ግን እኛ መሬት የምንቀር ሰዎች ነን፣ ልጄ። የሚሄደው ሌላ ሰው ነው። እሱ እስኪመለስ ቆመሽ ስትጠብቂ እፍረትሽ ትዝ አይልሽም። ትዝ የሚልሽ ቆጥሬ ነበር ወይስ አልቆጠርኩም የሚለው ነው።»

ለዚህም ይሆናል፣ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ድረስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት የነበረው። ጓደኞቿ ሲያዩት ታፍር ነበር። አሁን በሩ ላይ ማንም የለም፤ በየቀኑ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሆና ባዶውን በር ታያለች።

ሚኒባሱ ሊነሳ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ልደውል ብላ አሰበች፤ የሾፌሩ ቁጥር ያለው በአባቷ ስልክ ላይ ነው፣ ያ ስልክ ደግሞ ከተዘጋ ቆይቷል። ቁልፉ ሜዳው ላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ትናንት ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ወድቆም ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ውስጥ ከሆነ ግን ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ቺንጊያው ውስጥ ሊገባ፣ ወይም መሪውን ሊይዘው ይችላል። ብትናገር ሚኒባሱ ይቆማል። ቡድኑ ከዘገየ በፎርፌ ይሸነፋል፤ ሾፌሩም ደንብ በመጣሱ ይጠየቃል። ዓይኗን በጨው አጥባ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

ሳጥኑን አንስታ ሮጠች።

ግቢው ስትደርስ ተጫዋቾቹ ተሳፍረዋል። አንዷ ታዜማለች፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። ካፒቴኗ ሚኒባሱ በር ላይ ቆማ ስልኳን ዘረጋችላት። «እዪው፣ እንዴት አሪፍ ሆኖ እንደወጣ።» ብሎን ጥግ ላይ ቆማ የተነሳች መስሏት ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን መሀል ናት። የካፒቴኗ ክንድ ትከሻዋ ላይ ነው፣ አፍንጫዋ ላይ ቅባት አለ፣ ጥርሷ በሙሉ ይታያል። እንደዚህ ስቃ የተነሳችበት ፎቶ ካየች ዘጠኝ ወር ሆኗታል።

«ሳጥኑን ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው? መረቡን ልትፈቺ?» አለች ካፒቴኗ።

ብሎን መሳቅ አቃታት። በሚኒባሱ ፊት ዞራ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄደች። ሾፌሩ መቀመጫውን አመቻችቶ ሞተሩን ሊያስነሳ ነበር።

«ጋሼ፣ አያስነሱት።»

«ምነው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚህ በኋላ መመለሻ እንደሌለው ታውቃለች። «ትናንት ገብቷል ያልኩዎት ሳላይ ነው። የአሥራ ሦስት ቁልፍ ጎድሏል።»

ሾፌሩ ለአፍታ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ እጁን ከመሪው አነሳና ምንም ሳይጠይቅ ወረደ። የስፖርት መምህሩን ሁሉንም እንዲያስወርድ ነገረው። ዘፈኑ ቆመ። ልጆቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ፣ መምህሩ የሆነውን ከሾፌሩ ሲሰማ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ በኋላም በየደቂቃው ያየው ነበር።

ካፒቴኗ ወደ ብሎን ቀረበች። «መንገድ ላይ ጥለሽው ይሆናላ። ምን ያካብድሻል? ፎርፌ ልታስበይን ነው?»

«ጥዬው ሊሆን ይችላል።»

«እዚህ ውስጥ እንዳለ እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

ከሁሉም የከበዳት ይህን ማለት ነው። እርግጠኛ ብትሆን ኖሮ ቢያንስ ጀግና ትመስል ነበር። ካፒቴኗ ራሷን ነቅንቃ ፊቷን አዞረች።

መጀመሪያ ከላይ በባትሪ መብራት ፈለጉ። ከዚያ ሾፌሩ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ። ብሎን እጅጌዋን ሰብስባ እንደ ትናንቱ ክንዷን አስገባች፤ በጣቶቿ እየዳበሰች እያንዳንዱን ሥርጓጉጥ ፈተሸች። የሞተር ዘይት ሸተታት። የአባቷ ሸሚዝ ሽታ ነው። ዓይኗ እንባ ሲሞላ በትከሻዋ ጠረገችው። አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ሃያ አለፈ። ከልጆቹ አንዷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የጉልበት መከላከያዋን ማውለቅ ጀምራለች።

ሠላሳ ደቂቃ ሊሞላ ሲል የመሀል ጣቷ ቀዝቃዛ ብረት ነካ። ከዲናሞው ሥር፣ አንድ ቀጭን ጠርዝ ላይ፣ ጫፉ ወደ ቺንጊያው ዞሮ ጋደም ብሏል። ቀስ ብላ ሳበችው።

ሾፌሩ ተቀብሎ በጨርቅ ጠረገው፤ ገልበጥ አድርጎም አየው። «ምናልባት እንደተኛ ሄዶ ይመለስ ነበር» አለ። «ምናልባትም ቁልቁለቱ ላይ...» የጀመረውን ሳይጨርስ ተወው።

«እና ምንም ላይፈጠር ይችል ነበር ማለት ነው» አለች ካፒቴኗ።

ብሎን ቁልፉን ከሾፌሩ እጅ ተቀበለች። አባቷስ ያቺ ካቻቪቴ ከገዛ ቱታው ስትወጣ ምን ብሎ ይሆን?

መምህሩ ልጆቹን እያጣደፈ አሳፈረ። ብሎንን ግን በሩ ላይ አስቆማት። ያለ ፈቃድ ሞተር የነካ ተማሪ ከቡድኑ ጋር አይጓዝም። ሾፌሩ እኔ ነኝ የጠራኋት፣ ጥፋቱም የኔ ነው ብሎ ሊከራከርላት ሞከረ። የአንተ ጉዳይ ሰኞ ይታያል ተባለ። ከእንግዲህ ለጨዋታው ሊደርሱም ላይደርሱም ይችላሉ።

ሾፌሩ መሪውን ይዞ ከተቀመጠ በኋላ ሞተሩን ወዲያው አላስነሳም። በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«ሁሉም ቤቱ ገባ?» አላት፣ ቀስ ብሎ።

ብሎን ሳጥኑን መሬት ላይ አድርጋ ከፈተችው። የአሥራ ሦስቱን ቁልፍ ቀይ ቅርጹ ላይ አስቀመጠች። ከዚያም ከመጀመሪያው ዕቃ ጀምራ በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ከሚኒባሱ ውስጥ አንዷ «ኡፍ» ስትል ሰማች። ያም ሆኖ አልቸኮለችም፤ የመጨረሻዋን ካቻቪቴ ነክታ ቀና አለች።

«ገብቷል፣ ጋሼ።»

ሞተሩ ተነሳ። ሚኒባሱ በአጠገቧ ሲያልፍ ካፒቴኗ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች፤ አላየቻትም። ከመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወር ድረስ ብሎን የሞተሩን ድምፅ አዳመጠች። አይጮህም።

የግቢው ዘበኛ በሩን ሊዘጋ መጣና ለምን እንዳልሄደች ጠየቃት። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ስልኩን ተውሳ እናቷ ጋ ደወለችና ለእሷም ነገረቻት፤ ጠዋት «ምንም» ያለችውንም ጭምር። እናቷ ቁርስ ሳትበላ መውጣቷን አስታውሳ ቶሎ ነይ አለቻት።

«እነሱ ሲመለሱ እመጣለሁ፣ እማ።»

ዘበኛው ስልኩን ሲቀበላት ግራ ገብቶት አያት። «የሚመለሱት እኮ አመሻሽ ላይ ነው። በርጩማ ላምጣልሽ?»

ብሎን ሳጥኑን አጥሩ ሥር አስጠጋችውና የግቢው በር ላይ፣ መንገዱ ከሩቅ ከሚታይበት ቦታ ሆነች።

«ግድ የለም» አለች። «ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ።»