ጥቁር የለበሰችው ዳኛ

ጎረቤት ማለት ሳይጠየቅ የሚያይ ሰው ነው። የእኔ የወጥ ቤት መስኮት ደግሞ እዚህ ኮሎራዶ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ያለውን የአፓርትማችንን ፓርኪንግ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ማን ስንት ሰዓት ወጥቶ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጆቼ «ካሜራዋ» ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

ሄራን ከጎኔ ያለውን ቤት የተከራየችው በፀደይ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ግን አጠር ቀጠን ያለች ስለሆነች ከኋላ ሲያዩዋት የሃይስኩል ተማሪ ትመስላለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንግልውድ የሚባል ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ቅዳሜና እሑድ ግን ጥቁር ሸሚዝ፣ ጥቁር ኮፍያ፣ ጥቁር ጫማ አድርጋ፣ ቦርሳ አንግታ ትወጣለች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አይቼ አንጀቴ አልችል አለ። ይቺ ልጅ ሰው ሞቶባታል፤ አጽናኝ የላትም አልኩ። እሑድ ሳትወጣ እንድረስባት ብዬ እዝን ሠራሁ፤ ሁለት ሴቶች አስከተልኩ። ድስቱን እንዲይዝልን ደግሞ ታች ቤት የሚኖረውን ፍቅረሥላሴን ጠራሁት። ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ደግ ልጅ ነው፤ ፊቱ ግን ሲስቅ እንኳ ከለቅሶ ቤት የወጣ ይመስላል።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሩን አንኳኳን።

ከፈተች። መጀመሪያ የተዘቀዘቀ ነጠላችንን አየች። ቀጥላ የፍቅረሥላሴን ፊት አየች። ደሟ ከፊቷ ሲሸሽ ታየኝ።

«እማዬ ናት?» አለችና በበሩ ጠርዝ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ማልዶ፣ ተሰብስቦ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ የሚመጣ ሰው መርዶ ነጋሪ እንጂ ምን ሊሆን ይችላል? ይሄን ሳላስብ መሄዴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፍቅረሥላሴ ድስቱን አስቀምጦ ተንበረከከ። «ማንም አልሞተም። እኛ… ሰው ሞቶብሻል ብለን ነው የመጣነው።»

«ማን?»

«አንቺ ታውቂያለሽ ብለን ነበር።»

ከዚያ እያለቀሰች ሳቀች። «የሥራ ልብሴ እኮ ነው። የቤዝቦል ዳኛ ነኝ።»

በዲቪ መጥታ፣ ፓርክ ውስጥ ለስላሳ ስትሸጥ ጨዋታውን ለምዳ፣ ኮርስ ወስዳ ዳኛ ሆናለች። እዝኑን አብረን በላነው። ስንወጣ ግን ሄራንና ፍቅረሥላሴ በሩ ላይ ዘገዩ፤ ድስቱ ተረስቶ ነው አሉ። ድስቱ የእኔ ነበር፤ እኔ አልረሳሁትም።

እኔም ምላሴ አያርፍ። «ልጄ፣ እናትሽ በሕይወት እያለች ጥቁር አታዘውትሪ፣ ሟርት ነው» አልኳት።

«እትዬ ውድነሽ፣ ሰማያዊውን የዳኛ ሸሚዝ ስለብስ እኮ አይሰሙኝም። ጥቁሩን ስለብስ ቁመቴን ይረሱታል።»

«ዳኝነቱ ያው አይደለም እንዴ?»

«ዳኝነቱ ያው ነው። ሰዎቹ ናቸው የሚለወጡት።»

ቢሆንም ሰው ታከብራለችና ለአንድ እሑድ ታዘዘችኝ። እኔና ፍቅረሥላሴ ልናያት ሄድን። የሚጫወቱት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እሷ ሰማያዊ ሸሚዟን ለብሳ፣ የብረት ጭንብል አጥልቃ ቁጢጥ ብላ በሚወረወረው ኳስ ላይ ትፈርዳለች። ሁለት ኳስ ሳይወረወር ጩኸቱ ተጀመረ። አንዱ «ስዊቲ፣ መነጽር እንግዛልሽ?» አላት፤ ፍቅረሥላሴ ተረጎመልኝ። የአንደኛው ቡድን አሠልጣኝ ወጥቶ አናቷ ላይ ቆመ።

ፍቅረሥላሴ ከወንበሩ ተነሣ፤ አጥሩን ጨብጦ ጮኸ። «እንዴት ነው የምትናገራት? አክብራት!»

ሄራን ዞረች። ጭንብሏን አወለቀች። ላብ ያጠመቀው ፊቷ ቀልቷል። እሱን ብቻ አየችው። ጣቷን ወደ ፓርኪንጉ ዘረጋችና በአማርኛ «ውጣ» አለችው።

ወጣ። የራሷን ሰው ካባረረች ለእኛም አትመለስም ብለው መሰለኝ ሜዳው ጸጥ አለ።

ጨዋታው ሲያልቅ መኪናው ጋ ሄደች።

«ተቀየምክ?»

«አልተቀየምኩም። አሁንም ልታባርሪኝ ነው እንዴ?»

«እንደ ጠባይህ ነው።»

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጥቁሩ ተመለሰች፤ እኔም አፌን ዘጋሁ። ያን ክረምት ሁለቱ አልተለያዩም። አንድ ቀን ብቻዋን መጥታ «ፊቱን ባየሁ ቁጥር ያ ጠዋት ይመጣብኛል፤ እጄ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ታይዋለሽ?»

«ካላየሁት ይብሳል።»

ነሐሴ ላይ፣ ረቡዕ ቀን፣ ፍቅረሥላሴ በሬን ሳያንኳኳ ገባ። ሄራን ስልክ ሳታነሣ ስትቀር እንዲደውል ብላ ለወንድሟ ለሊዑል የሰጠችው የእሱን ቁጥር ነበር። ሊዑል ከአዲስ አበባ ደውሎለት ነው። እናቷ አርፈዋል፤ ተቀብረዋል።

«አሁኑኑ ልንገራት» አለ።

«ተው፣ እንደሱ አይደረግም» አልኩት። «ቅዳሜ የዋንጫ ጨዋታ አላት። ሰው ይሰብሰብ፤ እሑድ ጠዋት በወጉ እንነግራታለን።»

«ሦስት ቀን ምን ብዬ ነው የማያት?»

«እንደ ሁልጊዜው።»

እንደ ሁልጊዜው አያት። ሐሙስ ምሳ አብሯት በላ። ዓርብ አሳቃት፤ በግድግዳው ሳቋ ይሰማኝ ነበር። ስትስቅ ጆሮዬን ያዝኩ።

እሑድ ማለዳ አንኳኳን። ከፈተች። ነጠላችንን አየች፤ የፍቅረሥላሴን ፊት አየች። ፈገግ አለች።

«ደግሞ ዛሬ ማን ሞቶብኝ ነው?»

ማንም አልመለሰላትም። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆየ፤ የሚወርድበት አጥቶ። ያን ፈገግታ አሁንም ሌሊት ሌሊት አየዋለሁ።

ለቅሶው በሦስተኛ ቀኑ ጋብ ሲል ፍቅረሥላሴን አጠገቧ አስቀመጠችው።

«መቼ ሰማህ?»

«ረቡዕ።»

«ሐሙስ አብረን በላን።»

«አዎ።»

«ዓርብ አሳቅኸኝ።»

አንገቱን ደፋ። እሷም በሩን በጣቷ አሳየችው።

በመስከረም ወደ ዳኝነቷ ተመለሰች። ያው ጥቁር ሸሚዝ፣ ያው ጥቁር ኮፍያ። ተጫዋቾቹ ያው ዳኛ መስላቸው ያከብሯታል። ሐዘንተኛ መሆኗን እዚያ ሜዳ ላይ ከእኔና ከፓርኪንጉ ማዶ መኪናው ውስጥ ከሚቀመጠው ልጅ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በየጨዋታው ይመጣል፤ ከመኪናው አይወርድም። ከስቷል። ያለ እሷ የሚሆን ልጅ አልነበረም፤ እዚያ ያደረስኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አልቻልኩም፤ ሄጄ ነገርኳት። «ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። እሱማ ሊነግርሽ ነበር።»

«ገምቻለሁ፣ እትዬ» አለች። «ግን እሺ ብሎ የታዘዘው እሱ ነው። ሰው ጮኸብኝ ብዬ ያየሁትን ብለውጥ እኔስ ምን ዳኛ ነኝ?»



የመጨረሻው እሑድ ጨዋታ ላይ ነበርኩ። አንዱ ሯጭ አቧራ አስነሥቶ ተንሸራቶ ሲገባ «አውት» ብላ፣ ወጥቷል ማለቷ ነው፣ እጇን ወረወረች። ማንም ትንፍሽ አላለም። ጥቁር ለብሳለቻ። ሯጩ እንኳ አቧራውን አራግፎ ሊወጣ ነው።

እሷ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ጭንብሏን አወለቀች። በደንብ አላየችውም ነበር፤ ዐይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ሌላውን ዳኛ ጠርታ በሹክሹክታ ጠየቀችው። ከዚያ ወደ ሁሉም ዞራ ጮክ ብላ ተናገረች፤ ትርጉሙን አጠገቤ ያለችው ልጄ ሊሊ ነገረችኝ። «አጥፍቻለሁ። ገብቷል።»

ይሰድቧታል ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁ። አልሰደቧትም። ፍርዱ የተገለበጠበት አሠልጣኝ ሳይቀር ኮፍያውን ነካ አደረገላት። እሷም ኮፍያውን ትክ ብላ አየችው፤ እንዲህም ይቻላል እንዴ እንደሚል ሰው።

ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን ቀጥ ብላ ወደ መኪናው ሄደች። መቼም እኔ እግሬ ዝም አይልም፤ ተከተልኩ።

መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ለምን አትወርድም?»

«አባረሽኛላ።»

«ከቤቴ ነው እንጂ ከኮሎራዶ አላባረርኩህም።»

እጁን ከመሪው አነሣ።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «እትዬ ውድነሽ አይደሉም። እኔ ነኝ። ሳቅሽ ላይ ሦስት ቀን ልጨምርበት ብዬ ነው።»

«ሌላ ጊዜ ብትሰማስ?»

«እንደሰማሁ እነግርሻለሁ።»

«ጨዋታ መሐል ብሆንስ?»

«አጥሩን ዘልዬ እገባለሁ።»

«ብቻህን ና» አለችው። «ሰው አትሰብስብ።»

ከዚያ ጉንጩን በመዳፏ ነካችው። ያን የምትፈራውን ፊት። እጇ እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፤ ግን አላነሣችውም።

የእናቷ ሙት ዓመት አልፎ፣ ከሏ ከወጣ በኋላ ተጋቡ። አሁን ከጎኔ አንድ ላይ ይኖራሉ። እሷ ሜዳ ስትሄድ አንዳንዴ ሰማያዊውን፣ አንዳንዴ ጥቁሩን ትለብሳለች፤ ጥቁሩን በለበሰች ቀን ግን እሱ አብሯት ይሄዳል።

ፍርሃቷ ግን አልለቀቃትም። በሩ ሳይታሰብ ሲከፈትና ፊቱ ብቅ ሲል የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቃል። ስለዚህ ፍቅረሥላሴ ከሥራ ሲመለስ ከታች ደረጃው ላይ ሆኖ ይጣራል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

«ሄራን፣ እኔ ነኝ። ሁሉም ደህና ነው።»

መጀመሪያ ሰሞን እስቅበት ነበር። አሁን ከሰዓት በኋላ ዘግየት ካለ፣ ሰሐን የማጥብበትን ውሃ ዘግቼ ድምፁን እጠብቃለሁ። ከግድግዳው ወዲያም የሷ ውሃ ሲዘጋ ይሰማኛል።