ያልደነገጠው ልብ

ቀዩ ዕንቁ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ጠፋ።

ሽማግሌው ወርቅ አንጥረኛ ፖሊስ ከመጥራታቸው በፊት የለመዱትን አደረጉ። አርባ ዓመት ሙሉ ዕቃ በጠፋ ቁጥር የሠራተኞቻቸውን የእጅ አንጓ ይዘው፣ የግድግዳ ሰዓቱን እያዩ የልብ ትርታ ይቆጥራሉ። የሌባ ልብ ይሮጣል ባይ ናቸው።

የወንድማቸው ልጅ፣ ሃምሳ ሁለት። ወርቅ የምትወለውለው ሴት፣ መቶ ሠላሳ።

መርማሪዋ ስትደርስ ሴትዮዋ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች።

"ዓይኔን ግንባር ያርገው አላየሁትም! ጋሼ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት አብሬዎት ሠርቼ ልጆቼ የሌባ ልጆች ሊባሉ ነው?"

"ልብሽ አሳበቀብሽ፤ እኔ ምን ላድርግ?" አሉ ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረው።

መርማሪዋ ይህን የምርመራ ስልት ስትሰማ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ግን ሃምሳ ሁለት የሚለው ቁጥር ከነከናት። ጠረጴዛው ላይ የሽማግሌውን የልብ መድኃኒት ማዘዣም አየች። የወንድም ልጁን ከምድር ቤቱ ሱቅ አስጠራችው።

"በምን መጣህ?"

"በደረጃ። አራት ፎቅ።"

"እጅህን ስጠኝ።"

ቆጠረች። ሃምሳ ሦስት።

"ደረጃ ወጥተህ፣ ፖሊስ ይዞህ፣ ሃምሳ ሦስት? እኔን ሲያይ እኮ ንጹሕ ሰው እንኳ ልቡ ይሮጣል።"

"ጤነኛ ነኛ!"

"መዳፍህ ግን ላብ በላብ ነው። ለአጎትህ የልብ መድኃኒታቸውን የሚሰጣቸው ማነው?"

"እኔ... ጠዋት ጠዋት።"

"ኪስህን ገልብጥ።"

የመድኃኒት ብልቃጥ ወጣ። ክኒኖቹ ወረቀት ላይ ሲፈሱ ቀዩ ዕንቁ መሀላቸው ዱብ አለ።

"እናቴም ይኸንኑ ትውጣለች" አለች መርማሪዋ። "ፍርሃት ወደ ልብ የሚሄደው እኛ በማናዛቸው ነርቮች ነው። ክኒኑ ልብ ደጃፍ ላይ ይቆምና መልእክቱን አላስገባም ይላል። ልብ አይሮጥም፣ እጅ አይንቀጠቀጥም። የላብ በር ግን ሌላ ነው፤ እሱን አይዘጋውም።"

ሁሉም ክኒኖቹን አፍጥጠው አዩ። ጉድ እኮ ነው! ያቺ ቅንጣት ሰውን ከገዛ ፍርሃቱ ታቆራርጠዋለች።

"ለምን?" አሉ ሽማግሌው።

"ሱቁን ለእሷ አወርሳለሁ ሲሉ ሰማኋ! የሥጋ ዘመድዎ እኔ እያለሁ! በሌብነት ከተባረረች ግን ይተዉታል ብዬ... አንጓ እንደሚይዙ ስለማውቅ ክኒኑን ጠዋት ዋጥኩ።"

መርማሪዋ ይዛው ወረደች። ሽማግሌው ወደ ሴትዮዋ ቀረቡ።

"ልጄ፣ ይቅር በይኝ።"

ሴትዮዋ አንጓቸውን ያዘችና ሰዓቱን እያየች ቆጠረች። ሃምሳ አምስት። ጸጸት የሚባል ነገር ያልነካው ልብ ይመስላል።

ከዚያ መዳፋቸውን ዳሰሰችው። ርሷል።

"ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ" አለችና በሽርጧ ጠረገችላቸው።