ዳዋ የተባለው አበባ

ጥር ፩ ቀን ፳፻፫ ዓ.ም.፣ የደቡብ ሱዳን ሕዝብ ለሕዝበ ውሳኔ በተሰለፈበት ዕለት፣ በጁባ ስለሆነው ነገር ሁለት ቃል አለ። ሊሊያን «ኢዛና ራሱ መድኃኒት ነው ብሎኛል» ትላለች፤ ኢዛና ደግሞ «መድኃኒት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

ኢዛና በዕፅዋት ጥናት ተመርቆ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በከተማዋ ጉዴሌ ሠፈር ምግብ ቤት ከከፈቱት ከአክስቱ ከወይዘሮ አረጋሽ ጋር የሚኖር ወጣት ነበር። በዋዜማው ከከተማዋ ዳር ካለው ከጀበል ኩጁር ተራራ ደረቅና ዐለታማ ቁልቁለት፣ ቅጠሉ ረግፎ ሮዝ አበባ ብቻ የቀረው፣ ግንዱ ከሥሩ እንደ እንስራ ያበጠ ተክል ቅርንጫፎች ይዞ ወረደ፤ ምንነቱን ግን ገና አልለየውም። ጎረቤታቸው ሊሊያን ደጅ ላይ አግኝታው በጁባ ዐረብኛ «ደ ሱኑ?» ብላ ምንነቱን ጠየቀችው፤ እርሱም ደክሞት ነበርና በአማርኛ «እኔ እንጃ፣ ዳዋ ነው» አላት። አንድ ቅርንጫፍ ብትለምነው ሰጣት።

በማግስቱ ረፋድ ከቀሩት ቅርንጫፎች አንዱን ቢሰነጥቀው ወተት መሳይ ፈሳሽ ወጣው፤ መጽሐፉን ገልጦ አበባውን ከሥዕሉ ጋር ቢያስተያይ፣ የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለው መርዛም ተክል ሆኖ አገኘው።

«እትዬ፣ ለሊሊያን የሰጠኋት ቅርንጫፍ የት ደረሰ?» አላቸው አክስቱን።

«ቀቅላ ለእናቷ በጠርሙስ ሞልታላቸዋለች፤ ለጉልበታቸው ሕመም። ይዘውት ሰልፍ ወጡ። ምነው፣ ፊትህ ምን ሆነ?»

ኢዛና አቧራውን እያቦነነ ሮጠ። ሰልፉ የትምህርት ቤቱን አጥር ዞሮ መንገዱን ሞልቶታል፤ ሕዝቡ ስንት ዓመት የናፈቀውን ቀን ሲያይ፣ እርሱ ግን ጠርሙስ ፍለጋ የሰዉን እጅ ብቻ ያይ ነበር። የሊሊያንን እናት ማማ ኛኩዎትን ከልጃቸው ጋር አገኛቸው፤ እኒህ አሮጊት በስደት ዘመናቸው በኢዛና አገር፣ በኢታንግ የስደተኞች ሠፈር ብዙ ዓመት ኖረው አማርኛ ለምደው ነበር።

«ማማ! ጠጥተውታል?»

«ምን ነካህ ልጄ? ጠጥቼ ሽንቴ ቢመጣስ፣ ተራዬን ማን ይጠብቅልኛል?»

የጠርሙሱ ክዳን እንደታሸገ ነበር። ኢዛና ጠርሙሱን ከእጃቸው ነጥቆ «መርዝ ነው» አለ፤ ለሊሊያንም በዐረብኛ ደገመላት።

«ዳዋ አላልከኝም?» ብላ ሊሊያን በዐረብኛ ጮኸችበት።

«ዳዋ ብያለሁ!»

ማማ ኛኩዎት ሁለቱን ተራ በተራ አይተው በሣቅ ፈነዱ፤ በዐረብኛም እንዲህ አሉ። «እናንተ ልጆች! በዐረብኛ ዳዋ መድኃኒት ነው፤ ኢታንግ ግን በአማርኛ ጓሮውን ዳዋ ዋጠው ሲሉ አረም ማለታቸው ነበር። በሁለት ቋንቋ ልትገድሉኝ ነበር!»

ሰልፈኛው ሣቀ። ኢዛና ጠርሙሱን አጥር ሥር እየደፋ፣ «ምንነቱን ሳልለይ ስም ሰጠሁት፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

ታሪክ የዚያን ሳምንት ድምፅ ቆጥሮ መዝግቧል፤ አጥር ሥር የተደፋውን ጠርሙስ ግን የጻፈው የለም። ባይደፋ ኖሮ ከዚያ ሁሉ ድምፅ አንዲት ብቻ ትጎድል ነበር፤ መጉደሏንም ከማማ ኛኩዎት ቤተ ሰብ በቀር የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ሊሊያን የእናቷን ክንድ ይዛ፣ «ይኼ ጉልበት በቅጠል አይድንም፤ አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ብትል፣ አሮጊቷ ክንዳቸውን አስለቅቀው ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሐኪም ዘንድስ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ድምፄን ሰጥቼ ነው!»