ከግራፉ የጎደሉት ቀይ ኮከቦች

«እነዚህ ነጥቦች ከየት መጡ?» አለች ታምሲን፣ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር መስታወት በጥፍሯ እየቆረቆረች።

ብሪዲ የሥጋ ፓይዋን እንደጎረሰች «ከሰማይ ነዋ!» ብላ ሳቀች።

ታምሲን አልሳቀችም። የኮከቦቹን ቀለምና ድምቀት በሚያሳየው ግራፍ ላይኛ ቀኝ ጥግ አሥራ ሁለት ነጥቦች ተሰድረዋል። ትናንት ባዶ ነበር። ሁለቱ የክፍል ጓደኛሞች ስድስት ሳምንት የለፉት በአንድ ድቡልቡል የኮከብ ክምችት ላይ ነው፤ በአንድ ዘመን የተወለዱ ኮከቦች እንደ ንብ መንጋ ተጠጋግተው የሚኖሩበት። ከበድ ያሉት ቀድመው ያረጃሉ፤ ያብጣሉ፣ ይቀላሉ፣ ይደምቃሉ። ያ ጥግ የእነሱ ነው።

የታምሲን ፎቶ ግን አቃጥሏቸዋል። ደብዛዞቹን ለመያዝ ስትስገበገብ የካሜራውን ዓይን አሥር ደቂቃ ሙሉ ከፍታ ተወችው፤ አሮጌዎቹ ነጭ እድፍ ሆነው ቀሩ። እድፍ ደግሞ አይለካም። ድጋሚ እንዳታነሳ፣ ደመናው ከተማቸው ኩናባራብራን ላይ ከተጋደመ ሁለት ሳምንት ሆነው። ግራፉን የሚያስገቡበት የተማሪዎች ውድድር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል።

«ከኮከብ መጽሐፉ ነው የገለበጥሽው።»

«ነካ ነካ አድርጌዋለሁ፣ እንዳይነቃብን።»

«ብሪዲ!»

«አታካብጂ፣ አቦ! ያበላሸሽው አንቺ፣ የሸፈንኩልሽ እኔ። ደግሞስ የት ሊሄዱ ኖሯል? እውነተኞቹም እዚያው ናቸው።»

«አልለካናቸውማ።»

«እሺ፣ እመቤት ንጽሕት! ያሸነፈ ትልቁ ቴሌስኮፕ ጋ አንድ ሳምንት ይከርማል። እኔ ለገና ከአገሩ ወዲያ ማዶ ፐርዝ ልገባ ነው፤ አባቴ ቤቱን ሸጦታል።» ብሪዲ የፓይዋን ወረቀት ጨመደደች። «አንድ ሳምንት አብረን እንሁን ነው ያልኩሽ።»

ታምሲን ደመናውን መግፈፍ አትችል፣ ቤቱን ማስመለስ አትችል፣ ያቺን አሥር ደቂቃ ማሳጠር አትችል።

ብሪዲ ቦርሳዋን አንጠልጥላ «እንደፈለግሽ» አለችና ወጣች። በሩን እንኳ በቀስታ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻል ነበር።

ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ። ዝናቡ የቤተ መጻሕፍቱን ቆርቆሮ ይደበድባል።

ታምሲን ነጥቦቹን አንድ በአንድ አጠፋች። አሥራ ሁለተኛዋ ላይ እጇ ቆመ። ከዚያ እሷንም። ከባዶው ጥግ ሥር ጻፈች፦ «እዚህ ያሉት ኮከቦች አልተለኩም። ካሜራውን ከልክ በላይ ከፍቼ ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ። ታምሲን።»

በሽፋኑ ላይ የብሪዲን ስም ከራሷ አስቀድማ፣ ላከችው።