የሙስዐብ ጣቶች

ይህ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። የማያምን ካለ ከሚሴ መጥቶ አክስቴን ዙቤይዳን ይጠይቅ። እኔ ማንንም የምለማመጥበት ጊዜ የለኝም።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን እያንጣጣችው ነው። ውጭ ባጃጆች ይጮሃሉ፤ ረዳቶች "ደሴ! ደሴ!" እያሉ ይጣራሉ።

እንዲህ ባለ ጠራራ ነው የሆነው።

ስሜ አፍናን ነው። ሶፍትዌር አጥንቼ ተመርቄያለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ድርጅቶች ለሥራ ፈትነውኛል። "ትንሽ ሙከራ ሥሪልን" ይላሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ትሠራላችሁ። "አንድ ዙር ቀርቷል" ይላሉ፤ ትቀርባላችሁ። ከዚያ ዝም! የሠራችሁትን ይዘው ይቀራሉ፤ "አልተሳካልሽም" ለማለት እንኳ ስልክ አያነሱም። ሌባን ሌባ ማለት አልፈራም።

ይኼኛው ግን ሌባ ብቻ አልነበረም...

ሙስዐብ የአክስቴ ልጅ ነው። አብረን ተምረን አብረን ተመረቅን። ከዘጠኝ ወር በፊት በኢንተርኔት የሚፈትን አንድ ድርጅት ሰባት ዙር አመላለሰው። ከሰባተኛው ዙር በኋላ ከወንበሩ ሲነሳ መናገር አቁሞ ነበር።

ጨርሶ።

ያጎረሱትን ይውጣል። ያስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል። ጣቶቹ ብቻ ጉልበቱ ላይ ይንቀሳቀሳሉ... ጠብ ጠብ... ጠብ ጠብ... ተኝቶም ጭምር። ደሴ ድረስ ሐኪም ጋ ወሰድነው። ቁርአን ተቀራበት። ምንም የለም።

ከዚያ ያው ድርጅት እኔን ጠራኝ።

እሺ አልኩ። ሥራውን ፈልጌ መሰላችሁ? ፊት ለፊት ላፋጥጣቸው ነው። ልጃችንን ምን አድርጋችሁ እንደመለሳችሁ ንገሩኝ ልላቸው። ላፕቶፔን ይዤ አክስቴ ቤት ሄድኩ፤ ሙስዐብ ያስገባው ኢንተርኔት አሁንም እዚያ ይሠራል።

"ማሎ አፍኒ..." ብላ ለመነችኝ አክስቴ በሹክሹክታ። "ልጄን የበላውን በር ነው የምታንኳኪው?"

"አብሽሪ አክስቴ። ጥርሱን ላረግፈው ነው።"

"ያቺ ምላስሽ አንድ ቀን ታስበላሻለች፣ ወላሂ።"

ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። ሙስዐብ ከኋላዬ ፍራሹ ላይ ነው። ጠብ ጠብ... ጠብ ጠብ...

ግማሽ ሰዓት አስጠበቁኝ። ልማዳቸው ነው፤ የሥራ ፈላጊ ጊዜ ለእነሱ ጊዜ አይደለም።

ሰውየው ስክሪኑ ላይ መጣ። ወጣት ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ከጀርባው ነጭ ግድግዳ። ከአዲስ አበባ ነው የማናግርሽ አለኝ።

"ዝግጁ ነሽ?"

"መጀመሪያ እኔ ልጠይቅ። ሙስዐብን ታውቀዋለህ?"

"ጎበዝ ልጅ ነው።"

"ነበር በል!"

"ነው" አለኝ ረጋ ብሎ። "አሁንም እየሠራልን ነው።"

"ቀጠራችሁት እንዴ?"

"ገና ፈተናውን አልጨረሰም።"

ደሜ ፈላ። ልሰድበው አፌን ስከፍት ከሰውየው ጀርባ አዛን ተሰማ። የአስር ሶላት አዛን። ሙአዚኑን መሀል ላይ ሳል ያዘው።

ትንሽ ቆይቶ የሰፈራችን መስጊድ አዛን ጀመረ።

ያው ድምፅ ነው። እዚያው ቦታ ላይ... ሳል ያዘው።

አዲስ አበባ ነኝ የሚለው ሰው የከሚሴን አዛን ከእኛ ቀድሞ ሰማ።

"የላክንልሽን የፈተና ኮድ ክፈቺው" አለኝ።

ከፈትኩት።

የእኛ ሙያ አንድ ደንብ አለው። እያንዳንዱን የኮድ መስመር ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው ከጎኑ ይመዘገባል። ወደ ታች ወረድኩ። አደም፣ ባቲ። ሀዲጃ፣ ጨፋ ሮቢት። የማላውቃቸው ስሞች... መቶ፣ ሁለት መቶ... ሁሉም ሥራ ፈላጊዎች።

ከሁሉም ግርጌ፦

ሙስዐብ፣ ከሚሴ። አሁን።

ዓይኔ እያየ አንድ መስመር ተጨመረ። ከኋላዬ፣ ጠብ ጠብ።

ዘወር አልኩ። ጣቶቹ ቆሙ። ስክሪኑን አየሁ። መስመሩም ቆሟል።

ጣቶቹ ቀጠሉ... መስመሩ ቀጠለ።

"ዘጠኝ ወር!" ብዬ ጮህኩ። "ዘጠኝ ወር ሙሉ ታሠሩታላችሁ?"

ሰውየው ትከሻዬን አልፎ ሙስዐብን ነበር የሚያየው። ያልኩትን የማይሰማ ሰው ምን ይሉታል?

ከሙስዐብ መስመሮች አንዷን አጠፋሁ።

የግራ እጁ ትንሿ ጣት ቀጥ አለች።

"አክስቴ! እጁን እዪው!"

ሁለተኛዋን አጠፋሁ። ሌላዋ ጣት ቆመች። አክስቴ ተንበርክካ ሁለት እጁን ያዘች። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? በስሙ ያለውን ሁሉ መረጥኩና አጠፋሁት።

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

"ያጠፋሽው እንዲህ ሆኖ ይቀመጥ ትያለሽ?"

"አዎ፣ አንተ ሌባ!" ብዬ የማስቀመጫውን ቁልፍ መታሁት።

ጠብ ጠብ የሚለው ድምፅ ቆመ። ቤቱ ጭር አለ።

ሙስዐብ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። አየኝ። ከዘጠኝ ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ወጣ።

"ካኢ..." አለኝ በኦሮምኛ። "ተነሺ አፍኒ... ካኢ!"

አክስቴ "አልሀምዱሊላህ" እያለች ትጮሃለች። እኔ ግን ስክሪኑን እያየሁ ደርቄ ቀረሁ።

በእኛ ሙያ ማጥፋትም ሥራ ነው። የሰው መስመር ያጠፋ ሰው ማጥፋቱ በስሙ ይመዘገባል። ይህንን አንደኛ ዓመት ላይ ነው የተማርኩት። ንዴቴ አስረሳኝ።

አፍናን፣ ከሚሴ። አሁን።

"ጥሩ ጅምር ነው" አለኝ ሰውየው። "ሁለተኛው ዙር ነገ በዚሁ ሰዓት።"

ላፕቶፑን ዘግቼ ባትሪውን ነቀልኩ። በማግስቱ በዚያ ሰዓት የትም አልቀረብኩም። ማንም አልደወለልኝም።

ሙስዐብ አሁን ደህና ነው። ይበላል፣ ይቀልዳል፣ ከአክስቴ ጋር ጨፋ ሮቢት ገበያ ይሄዳል። እኔን ሲያይ ብቻ ዓይኑን ይሰብራል። ፊቴን አይደለም የሚሸሸው። ከፊቴ ዝቅ ያለውን ነው።

ሥራ የምትፈልጉ ሁሉ፣ የሚፈትናችሁ ሰው ከጀርባው ምን ድምፅ እንደሚሰማ አዳምጡ። በሌላ ሰው መስመር ላይ እጃችሁን አታሳርፉ።

ስሕተት ካገኛችሁብኝ ይቅር በሉኝ። ይህንን ሁሉ ስልኬ ላይ የጻፍኩት በቀኝ እጄ አውራ ጣት ብቻ ነው።

ግራ እጄ ጉልበቴ ላይ ነው...

ሥራ ይዟል።