የመምህር ጠዓመ የመጨረሻ ትምህርት

መምህር ጠዓመ ከመዘምራኑ ሰገነት ቁልቁል ወድቀው በድንጋዩ ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። መቶ አለቃ መንግስትኣብ ሲደርስ ሬሳቸው ላይ ነጠላ ተደርቦበታል፤ ልጃቸው ኣምለሰት አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ይዛለች። አታለቅስም ነበር።

ሟቹ በዚያች የአስመራ ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጎርጎርዮስን የላቲን ዜማ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ከመዘምራኑ አንዱ፣ ረዳኢ የሚባል ወጣት፣ ገዳይ ተብሎ ተይዟል። የያዙት የጸጥታ ሰዎች ናቸው። የኤርትራ ፌዴሬሽን ከፈረሰ ወዲህ ወንድሙ ሸፍቶ በረሃ የወጣ ሰው ሁሉ በክፉ ዓይን ይታይ ነበርና፣ ረዳኢም ከነዚያ አንዱ ነበር።

የጸጥታው ሻለቃ ነገሩን አሳጠረው። «መቶ አለቃ፣ ሬሳውን አስነሳና ፈርም። ልጁን ሲመሽ እንወስደዋለን።»

«እስኪመሽ ምርመራው የእኔ ነው፣ ጌታዬ።»

ሻለቃው ሰዓቱን አየና ወጣ። መንግስትኣብ በእነዚያ ሰዎች እጅ የገባ እንዴት ሆኖ እንደሚመለስ፣ ካልተመለሰም እናቱ የት የት ስትንከራተት እንደምትኖር አሳምሮ ያውቃል። የእሱም ወንበር ቢሆን የጸና አልነበረም፤ የድሮ ባልደረቦቹ ተራ በተራ ተነስተዋል።

ወደ ሰገነቱ ወጣ። የእንጨቱ አጥር ከወገቡ በላይ ይደርሳል፤ ተሰናክሎ የሚወደቅበት አይደለም። ሰውየው ተገፍተዋል። ወርዶ ወለሉን ሲቃኝ ከመግቢያው በር ሥር የተሰበረ ብርጭቆና የፈሰሰ ሻሂ አየ።

ረዳኢ በጓሮው ክፍል እጁ ታስሮ ተቀምጧል። መምህሩ ጉሮሯቸው ደርቆባቸው ሻሂ እንዲያመጣ እንደላኩት፣ ይዞ ሲመለስ ወድቀው ሲያያቸው ብርጭቆው ከእጁ እንዳመለጠው ተናገረ። ደጃፉ ላይ ሻሂ የምትሸጠው የወሎዋ መሪማም ቃሉን አጸናችለት፤ ከውስጥ የከባድ ነገር መውደቅ ሲሰማ ልጁ ውሃው እስኪፈላ እሷ ዘንድ ቆሞ ነበር። መንግስትኣብ ይህን ይዞ ሻለቃው ዘንድ ሄደ።

«የሻሂ ሻጭ ቃል አልቀበልም» አለ ሻለቃው። «ሌላ ገዳይ ካለህ አምጣልኝ። ከሌለህ እሱን እወስዳለሁ።»

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራ ነበር። መንግስትኣብ ከኣምለሰት ፊት ተቀመጠና ቀኑ እንዴት እንደዋለ ጠየቃት። ጠዋት አባቷ መዘምራኑን ሁሉ ሰብስበው፣ ከሰዓት ለረዳኢ አንደኛውን የዜማ ስልት እንደሚያስተምሩት ነግረው ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይም ጽፈውታል። ረዳኢ ሲመጣ ግን እሑድ ያሳፈረውን ሦስተኛውን ስልት እንዲያስተምሩት ለመናቸው። አባቷ ስቀው እሺ አሉት። እሷ ከታች ሆና የካህናቱን ልብስ በካውያ ስትተኩስ ሰምታለች፤ በኋላ ከሰል ልታመጣ ወጣች።

«ትምህርቱ መለወጡን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ከሰል ይዤ ስመለስ ወድቀው አገኘኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከሬሳው መቼ ተለየሁ?»

መንግስትኣብ በልጅነቱ በድቁና ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ እያለ ዜማ የተማረ ነውና ነገሩ አልከበደውም። የላቲኑ ዜማ ስልቶች ስምንት ናቸው፤ አንደኛው «ሬ» በሚሉት ድምፅ ላይ ያርፋል፣ ሦስተኛው ግን ከፍ ብሎ «ሚ» ላይ ይቆማል። ያልለመደ ድምፅ አንድ ደረጃ ወርዶ «ሬ» ላይ ካላረፈ አይረጋጋም።

ከመዘምራኑ አንዱ የሆነው ዘርዓይ ለማታው ልምምድ ከሁሉም ቀድሞ ሲመጣ መንግስትኣብ በር ላይ ጠበቀው። ከጠዋት ጀምሮ ዓኽርያ ሰፈር ዘመድ ጋር ውሎ ገና ከፌርማታ መምጣቱ እንደሆነ ተናገረ። ስለ ረዳኢ ሲጠየቅ አዘነለት።

«ቁጡ ነው፣ መቶ አለቃ። ዛሬ ሦስተኛውን ስልት «ሚ» ላይ አቁም ሲባል «ሬ» ላይ እየወደቀበት፣ መምህርም ሲደጋግሙበት፣ ደሙ ፈልቶ ይሆናል።»

መንግስትኣብ የሚፈልገውን ቢያገኝም ደስ አላለውም። ዘርዓይም እንደ ረዳኢ ያገሩ ልጅ ነበር። ቢሆንም መዘምራኑን፣ ኣምለሰትን፣ ቄሱንና ሻለቃውን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰበሰበ፤ ረዳኢም ከነእስሩ መጣ።

መጀመሪያ ስለ አጥሩ፣ ቀጥሎ ስለ ብርጭቆውና ስለ መሪማ ቃል አስረዳ። ከዚያ መዘምራኑን የዛሬው ትምህርት ምን እንደነበር ጠየቃቸው። ሁሉም አንደኛው ስልት ነው አሉ፤ ሰሌዳው ላይም ያው ተጽፏል።

«ወደ ሦስተኛው ስልት መለወጡን ያወቁ ሦስት ሰዎች ናቸው» አለ። «መምህሩ ሞተዋል። ረዳኢ ከታሰረ ጀምሮ ከእኔና ከጠባቂዎቹ በቀር ያነጋገረው የለም። ኣምለሰት ለማንም አልተናገረችም። ዘርዓይ፣ ዓኽርያ ሆነህ እንዴት ሰማኸው?»

ዘርዓይ ኣምለሰት ነገረችኝ አለ። ኣምለሰት ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱው ራሱ ዓይኑን ሰብሮ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አወራ። ታላቅ ወንድሙ ታስሯል። መዘምራኑ የሚያወሩትን ካቀበልክ ይፈታልሃል ብለውት ነበርና ለጸጥታ ሰዎች የረዳኢን ስም የሰጠው እሱ ነው። መምህሩ ይህን ደርሰውበታል። ዛሬ ሊለምናቸው መጥቶ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅና ረዳኢ እስኪወጣ ከዓምዱ ጀርባ ቆመ። ከዚያ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። እሳቸው ግን ረዳኢ ሲመለስ እነግረዋለሁ አሉ። የገፋቸው ያኔ ነው፤ በጓሮ በር ወጣ።

ዘርዓይ ወደ ሻለቃው ዞረ። «ጌታዬ፣ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ወንድሜን...»

«ይህን ሰው አላውቀውም» አለ ሻለቃው። በቄሱና በመዘምራኑ ፊት ሌላ የሚለው አልነበረውም። ረዳኢን ፍቱት ብሎ ወጣ።

መንግስትኣብ ለዘርዓይ እናት የሆነውን የሚነግር ሌላ ሰው አጥቶ ራሱ ወደ ዓባ ሻውል ሰፈር ወረደ። እናቱ ኣደይ ኣብርሄት የደንብ ልብሱን ሲያዩ ብድግ አሉ። አልጋው ላይ የታጠበ ሸሚዝ ተዘርግቷል።

«ወደይ» አሉት እንደ ልጃቸው፤ «ታላቁን ልጄን ፈታችሁት? ዘርዓይ በዚህ ሳምንት ይፈታል ብሎኝ ነበር።»

ቆቡን አውልቆ ተቀመጠና የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። አላቋረጡትም። ሲጨርስ ሸሚዙን አጠፉት። ከዚያ ሣጥኑን ከፍተው ሌላ ሸሚዝ አወጡ፤ የዘርዓይ ነው። በላዩ ደረቡና ሁለቱንም እጁ ላይ አኖሩለት።

«አንድ ላይ ከሆኑ ለሁለቱም አድርስልኝ» አሉት።

አንድ ላይ ይሁኑ አይሁኑ መንግስትኣብ አያውቅም ነበር። «እወ፣ ኣደይ፣ አደርሳለሁ» አለና ሸሚዞቹን ይዞ ወጣ።